በብድር የተገዛ ሌሊት፤ የደራሲው የፊሊፕ ዲክ የሕይወት ታሪክ

ፈተና የደረሰበት ተማሪ ሌሊቱ ቢረዝምለት ይወዳል። ነገ ጧት ለአለቃው የሚያቀርበው ሪፖርት ያላለቀለት ወጣት ሹምም እንደዚሁ ነው። ዐይኑ ሲከብድና መስመሩ ሲደበላለቅበት፥ እንቅልፍ የሚባለውን ነገር ለአንድ ሌሊት እንኳ የሚያስቀርልኝ ብልሃት በተገኘ ብሎ ያልተመኘ ሰው በመካከላችን ያለ አይመስለንም። ይህ ምኞት ከስንፍና የመጣ አይደለም፤ ከትጋት የተወለደ ነው። ዳሩ ግን ከትጋት የተወለደ ምኞት ሁሉ ወደ መልካም ያደርሳል ማለት አይደለም። ለዚህም ምስክር አድርገን ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው፥ ያን ብልሃት አገኘሁ ብሎ ሃያ ዓመት ያህል ሌሊቱን ቀን ያደረገውን፥ በኋላ ግን ዕዳውን በአካሉ፥ በቤቱና በአእምሮው የከፈለውን አሜሪካዊ ደራሲ ፊሊፕ ኪንድረድ ዲክን ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

ፊሊፕ ዲክ የሳይንሳዊ ልብ ወለድ ደራሲ ነበረ። ይህ የድርሰት ዐይነት፥ ገና ያልተሠራ መሣሪያ ቢሠራ፥ ሰው በሌላ ፕላኔት ላይ ቢሰፍር፥ ወይም ያለፈው ታሪክ በሌላ መንገድ ሄዶ ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን ነበር እያለ የሚጠይቅ ነው። ብዙዎቹ የዚህ ሙያ ደራሲዎች ስለ ሮኬትና ስለ ከዋክብት ሲጽፉ፥ ፊሊፕ ዲክ ግን ሁለት ጥያቄዎችን አልለቅ ብሎ ያዘ። አንደኛው፥ በዐይናችን የምናየው ዓለም እውነተኛው ዓለም ነውን የሚል ነው። ሁለተኛው፥ ሰውን ሰው የሚያሰኘው ምንድር ነው የሚል ነው። በመጽሐፎቹ ውስጥ የምናገኛቸው ባለታሪኮች ጀግኖች አይደሉም፤ ዕቃ ጠጋኞች፥ ሱቅ ጠባቂዎች፥ ዕዳ ያለባቸው ባሎች ናቸው። እነዚህ ተራ ሰዎች አንድ ቀን ሲነቁ የኖሩበት ዓለም የተቀባ መጋረጃ ሆኖ ያገኙታል።

ይህ ሰው የተወለደው በታኅሣሥ ወር 1928 በቺካጎ ከተማ ነው። የተወለደውም ብቻውን አልነበረም፤ ጄን የተባለች መንታ እኅት ነበረችው። ሁለቱም ጊዜያቸው ሳይደርስ ስድስት ሳምንት ቀድመው ስለ ተወለዱ እጅግ ደካሞች ነበሩ። ጄን ከተወለደች ስድስት ሳምንት ያህል ቈይታ በጥር 1929 ሞተች። ወላጆችዋ በኮሎራዶ ክፍለ ሀገር በምትገኘው ፎርት ሞርጋን በተባለች ትንሽ ከተማ ቀበሯት። በመቃብሯ ድንጋይ ላይም የእርሷን ስም ሲያስቀርጹ፥ አጠገቡ የወንድሟን ስምና የተወለደበትን ቀን አብረው አስቀረጹ፤ የሚሞትበትን ቀን መጻፊያ ግን ባዶ ተዉት። እንግዲህ ፊሊፕ ዲክ ገና ጡት ሳይጥል ስሙ በመቃብር ድንጋይ ላይ ተጽፎ ይጠብቀው ነበር ማለት ነው። የእኅቱን ነገር ከእናቱ አፍ እየሰማ አደገ፤ ኀዘኑም እስከ ዕድሜው ፍጻሜ አልለቀቀውም። በብዙ ድርሰቶቹ ውስጥ መንታ እየተመላለሰ የሚመጣው ከዚህ የተነሣ ነው።

አባቱ በመንግሥት የእርሻ መሥሪያ ቤት የሚሠራ ሰው ነበረ። ልጁ አምስት ዓመት ሲሆነው ወላጆቹ ተፋቱ። እናቱ ልጅዋን ይዛ ለጥቂት ዓመታት በዋሺንግቶን ከኖረች በኋላ፥ በ1938 ወደ ካሊፎርኒያ ተመልሳ በበርክሌይ ከተማ ተቀመጠች። ፊሊፕ በልጅነቱ የአስም በሽታ ያስጨንቀው ነበር፤ ልቡም ያለ ልክ እየመታ ያስቸግረው ነበር። አድጎም ሰው በተሰበሰበበት ቦታ ፍርሃትና የራስ ማዞር ይይዘው ስለ ነበር፥ ከሐኪም ደጅና ከመድኀኒት ብልቃጥ ጋር የተዋወቀው ገና በማለዳው ነው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን በ1947 ፈጸመ። በ1949 ወደ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ነበረ፤ ነገር ግን ጥቂት ሳምንታት ብቻ ቈይቶ ትምህርቱን ተወ። ከዚያ በኋላ እንጀራው የሸክላ ሙዚቃ በሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ መሥራት ሆነ። ሙዚቃ አጥብቆ ይወድ ነበር፤ ከሁሉ የሚበልጠው ምኞቱ ግን ደራሲ መሆን ነበረ።

ይህ ምኞት በ1951 መፈጸም ጀመረ፤ በዚያ ዓመት የመጀመሪያውን አጭር ልብ ወለድ ሸጠ። በሚከተለው ዓመት ድርሰቶቹ በመጽሔት ይታተሙ ጀመር። በ1953 ብቻ ሠላሳ ያህል አጫጭር ታሪኮች ታተሙለት። የመጀመሪያው ረጅም ልብ ወለዱም በ1955 ወጣ። ይህን የሚሰማ ሰው ወጣቱ ደራሲ ሀብታም ሆነ ብሎ ያስብ ይሆናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በዚያን ጊዜ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ የሚያሳትሙት ርካሽ መጽሔቶችና በጥቂት ሳንቲም የሚሸጡ ባለ ስስ ልባስ መጻሕፍት ነበሩ። ለአንድ ሙሉ መጽሐፍ የሚከፈለው ሺህ ወይም ሺህ አምስት መቶ ዶላር ያህል ነበር፤ በአሜሪካ ኑሮ ይህ ገንዘብ ለጥቂት ወራት እንጂ ለዓመት አይበቃም። ፊሊፕ ዲክና ሚስቱ በዚያ ጊዜ ለውሻ ምግብነት የሚሸጥ የፈረስ ሥጋ እየገዙ እንደ በሉ እርሱ ራሱ በኋላ ዘመን ጽፎታል። ስለዚህ በብዕሩ ብቻ ለመኖር የቈረጠ ሰው አንድ መንገድ ብቻ ነበረው፤ እርሱም ከሌላው ሰው በፍጥነት መጻፍ ነው። በፍጥነት ለመጻፍም ሌሊቱን ጭምር ማግኘት ያስፈልጋል።

ሌሊቱን የሚሸጥለት ኪኒን በዚያን ጊዜ በየፋርማሲው ነበረ። ስሙም አምፌታሚን ይባላል። ይህን ቅመም በመጀመሪያ የሠራው ላዛር ኤዴሌኑ የተባለ ሩማንያዊ ኬሚስት ነው፤ ዘመኑም 1887 ሲሆን ቦታው ጀርመን አገር ነው። ቅመሙ ለብዙ ዓመታት ጥቅሙ ሳይታወቅ ቈየ። በ1930ዎቹ ዓመታት ግን በመጀመሪያ የታፈነ አፍንጫ ለማስከፈት፥ ቀጥሎም በኪኒን መልክ ይሸጥ ጀመር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝና የአሜሪካ አውሮፕላን ነጂዎች በረጅም ጉዞ እንዳይተኙ ይሰጣቸው ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ ውፍረት ለመቀነስ፥ ትካዜ ለማራቅና ድካም ለማስወገድ እየተባለ ሐኪሞች በሰፊው ያዝዙት ነበር። የቤት እመቤቱም፥ የጭነት መኪና ነጂውም፥ ፈተና የደረሰበት ተማሪውም ይወስደው ነበር። የአሜሪካ መንግሥት ጥብቅ ሕግ ያወጣው በ1970 ነው። ስለዚህ ፊሊፕ ዲክ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ላይ ይህን ኪኒን የጀመረው በጨለማ ቦታ ከቆመ ነጋዴ ገዝቶ ሳይሆን ከሐኪም እጅ ተቀብሎ ነው። ይህን ማወቅ ይገባናል፤ ምክንያቱም ጥፋት ሁልጊዜ የጥፋት ልብስ ለብሶ አይመጣም።

ኪኒኑ የሚሠራበትን መንገድ በአጭሩ እንግለጽ። በአንጎላችን ውስጥ ከነርቭ ወደ ነርቭ መልእክት የሚያመላልሱ ቅመሞች አሉ። ከእነዚህም ዶፓሚንና ኖራድሬናሊን የተባሉት ለንቃት፥ ለደስታና ለትጋት የሚያገለግሉ ናቸው። አምፌታሚን አዲስ ኀይል አይፈጥርም፤ ለነገና ለከነገ ወዲያ ተብሎ በጎተራ የተቀመጠውን አውጥቶ በአንድ ቀን ያስበላል እንጂ። በዚያች ሰዓት ሰውዬው እንቅልፍም ረኃብም አይሰማውም፤ ልቡ ይፈጥናል፥ የደም ግፊቱ ከፍ ይላል፥ አሳቡ ይበራል። ጎተራው ባዶ ሲሆን ግን ድካሙና ትካዜው እጥፍ ሆነው ይመጣሉ። ሰውነትም ኪኒኑን እየለመደ ስለሚሄድ፥ ትናንት በአንድ ይገኝ የነበረውን ንቃት ለማግኘት ዛሬ ሁለት፥ ነገ አራት ያስፈልጋል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ በአእምሮ ላይ የሚያመጣው ነገር ነው። በ1958 ፊሊፕ ኮኔል የተባለ የሎንዶን ሐኪም ባወጣው መጽሐፍ፥ አምፌታሚን የሚያበዙ ሰዎች ጎረቤቱ ሁሉ ያሳድደናል፥ መንግሥት ይሰልለናል፥ ድምፅ ይሰማናል እስከ ማለት እንደሚደርሱ በሕሙማን ምርመራ አስረድቷል። እንግዲህ አደጋው ያልታወቀ አልነበረም፤ የሰማው ሰው ጥቂት ነበረ እንጂ።

በመጀመሪያ ላይ ብድሩ ጣፋጭ ነበረ። በ1958 ፊሊፕ ዲክ ከሳን ፍራንሲስኮ በስተ ሰሜን ወደምትገኝ ፖይንት ሬይስ ወደምትባል የገጠር ከተማ ሄደ። በዚያም ሦስተኛ ሚስቱን አገባ፤ የመጀመሪያዋ ልጁም በ1960 ተወለደች። በ1962 በከፍተኛው ግንብ የሚኖረው ሰው የተባለውን መጽሐፉን አሳተመ። መጽሐፉ ጀርመንና ጃፓን ሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ቢያሸንፉ ኖሮ የአሜሪካ ሕዝብ እንዴት ይኖር እንደ ነበረ የሚያሳይ ነው። በሚከተለው ዓመት ለሳይንሳዊ ልብ ወለድ ከሚሰጡት ሽልማቶች ትልቁን፥ ሁጎ የተባለውን ሽልማት አገኘበት። ከዚህ በኋላ ባሉት ሁለት ዓመታት በ1963ና በ1964 ብቻ ዐሥር ያህል ረጃጅም ልብ ወለዶችን ጻፈ። ይህን ቍጥር ደጋግመን እናስበው። አንድ ጸሓፊ ያለ ደራሲነት፥ የሌላ ሰው ጽሑፍ ብቻ እየገለበጠ ዐሥር መጻሕፍት በሁለት ዓመት በጽሕፈት መኪና ቢመታ እንኳ ጣቱ ይዝላል። ፊሊፕ ዲክ ግን ሌሊቱን በኪኒን እየነቃ፥ ለመተኛት ደግሞ ሌላ ኪኒን እየዋጠ ይህን ሠራ። በ1975 ለአንድ ጋዜጠኛ እንደ ነገረው፥ ከ1970 በፊት ያወጣቸውን መጻሕፍት ሁሉ የጻፋቸው በአምፌታሚን ነው።

አራጣው መቈጠር የጀመረውም በዚሁ ጊዜ ነው። በ1963 አንድ ቀን ወደሚጽፍባት ትንሽ ጎጆ ሲሄድ ቀና ብሎ ቢመለከት፥ በሰማይ ላይ ዐይኖቹ ባዶ የሆኑ ከብረት የተሠራ ግዙፍና ክፉ ፊት ወደ ታች ሲያየው አየ። ፊቱ በአንድ ጊዜ አልጠፋለትም፤ ለብዙ ቀናት ተከተለው። ይህን ያየው ድርሰት ለመፈልሰፍ ብሎ አልነበረም፤ በእርግጥ ደንግጦ መጽናኛ ፍለጋ እስከ መሄድ ደርሷል። በትዳሩም ላይ ጥርጣሬ ገባ፤ ሚስቱ ልትገድለኝ ትፈልጋለች እስከ ማለት ደረሰ። ትዳሩ በ1965 በፍች ፈረሰ። በሕይወቱ አምስት ጊዜ አግብቶ አምስት ጊዜ ተፋቷል፤ ከሦስት ሚስቶች ሦስት ልጆች ወልዷል። የፍቹን ሁሉ ምክንያት በኪኒን ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ይሆንብናል፤ ሰውዬው ገና ከጧቱ የፍርሃትና የብቸኝነት ሰው ነበረና። ነገር ግን ሌሊቱን የማይተኛ፥ ቀኑን የሚጠራጠርና ደመወዙ የማይታወቅ ባል በቤት ውስጥ ምን ዐይነት ኑሮ እንደሚያመጣ አንባቢ ራሱ ይገምተዋል።

በዚህ ስፍራ አንድ የተሳሳተ ወሬ ማቅናት ይገባናል። በ1965 የወጣውና ያን የብረት ፊት ያስገባበት መጽሐፍ ስለ ሕልም ሰጪ ዕፆች የሚናገር ስለ ሆነ፥ ብዙ ወጣቶች ደራሲው ኤል ኤስ ዲ የተባለውን ዕፅ ወስዶ በዚያ ስካር ጻፈው ብለው አወሩ። እንዲያውም ይህን ወሬ እያመኑ እርሱን ለመምሰል የሞከሩ አልጠፉም። እውነቱ ግን መጽሐፉን የጻፈው ያን ዕፅ ከመቅመሱ በፊት ነው። በኋላ ጥቂት ጊዜ ቢወስደውም ያገኘው ነገር ፍርሃትና ጭንቀት ብቻ ሆነበት። መጽሐፉን ያወጣው ከራሱ አሳብ ነው፤ ዕፁ ያወጣለት መጽሐፍ የለም።

በ1970 አራተኛዋ ሚስቱ ልጃቸውን ይዛ ከቤት ወጣች። ፊሊፕ ዲክ በሳን ራፋኤል ባለው ቤቱ ብቻውን ቀረ። ብቸኝነት የማይችል ሰው ስለ ነበር የቤቱን በር ከፈተው። በዚያን ጊዜ በካሊፎርኒያ መንገዶች ላይ ቤታቸውን ትተው የወጡ፥ ዕፅ የሚወስዱና የሚሸጡ ብዙ ወጣቶች ነበሩ፤ እነርሱ እየገቡ ይበላሉ፥ ያድራሉ፥ ሙዚቃ ይሰማሉ። አርባ ዓመት ያለፈው ደራሲ የእነዚህ ልጆች አባት መሰለ። ዳሩ ግን ልጆቹን የሚያድን አባት አልነበረም፤ አብሮ የሚሰጥም ነበረ እንጂ። ኪኒኑን በብዛት ይወስድ ነበር፤ መጻፉንም ከሞላ ጐደል አቆመ። ልብ በሉ፤ ለመጻፍ ብሎ የጀመረው ነገር በመጨረሻ መጻፍን ነጠቀው።

በኅዳር ወር 1971 ቤቱ ተሰብሮ ተዘረፈ፤ ጽሑፎቹን የሚያኖርበት የብረት ሣጥንም በኀይል ተከፍቶ ተገኘ። ሌባው ማን እንደ ሆነ አልታወቀም። ፊሊፕ ዲክ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በሚቀጥሉት ዓመታት ሁሉ የመንግሥት ሰላዮችን፥ የፖለቲካ ማኅበሮችን፥ የዕፅ ነጋዴዎችን በየተራ ጠረጠረ። አንዳንድ ጊዜም ይህን ያደረግሁት እኔው ራሴ እንደ ሆነስ እያለ ይጠይቅ ነበር። የሰው አእምሮ ከዚህ የበለጠ ምን ዕዳ ሊከፍል ይችላል? በመጽሐፎቹ ውስጥ ዓለሙ እውነት ይሁን ሐሰት መለየት ያቃታቸው ባለታሪኮች ነበሩ፤ አሁን ግን ደራሲው ራሱ ከእነርሱ እንደ አንዱ ሆነ።

በየካቲት ወር 1972 በካናዳ አገር በቫንኩቨር ከተማ የሳይንሳዊ ልብ ወለድ ወዳጆች ስብሰባ አድርገው በክብር እንግድነት ጠሩት። እርሱም ሄዶ በሰውና በሰው ሠራሽ ፍጡር መካከል ስላለው ልዩነት ንግግር አደረገ፤ ንግግሩም ተወደደለት። ወደ ባዶው ቤቱ ለመመለስ ግን ልቡ እምቢ አለው፤ በዚያው ቀረ። ጥቂት ሳምንታት ካለፉ በኋላ በመጋቢት ወር ተስፋ ቈርጦ የገዛ ሕይወቱን ለማጥፋት ሞከረ። እግዜር ይስጣቸውና ሰዎች ደረሱለት፤ ከሞት ተርፎ የሄሮይን ሱሰኞች ወደሚረዱበት አንድ የቫንኩቨር ማረፊያ ቤት ገባ። በዚያ ቤት ዝነኛ ደራሲ መሆን ዋጋ አልነበረውም፤ እንደ ማንኛውም ሰው ተራውን ጠብቆ ይሠራል፥ በጉባኤ ላይም ጥፋቱ በግልጽ ይነገረዋል። በዙሪያው የሚያየው በሃያና በሃያ አምስት ዓመታቸው እንደ ሽማግሌ የደከሙ ወጣቶችን ነው። ከሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ ከዚያ ሲወጣ፥ ወደ ድሮው የኪኒን ኑሮ ላለመመለስ ቈርጦ ነበር።

በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር በጋበዙት መሠረት ወደ ደቡብ ካሊፎርኒያ፥ ወደ ፉለርተን ከተማ ሄደ። በዚያም አምስተኛ ሚስቱን አገባ፤ በ1973 ወንድ ልጅ ተወለደለት። በዚሁ ዓመት የጻፈውና አሻሽሎ በ1977 ያሳተመው መጽሐፍ ስለ ሕይወቱ ከሁሉ የሚበልጠውን እውነት የሚነግረን ነው። ርእሱ ሐዋርያው ጳውሎስ በመጀመሪያው የቆሮንቶስ መልእክት በምዕራፍ 13 ስለ መስተዋትና ስለ ድንግዝግዝ ከተናገረው የተወሰደ ሲሆን፥ በመስተዋቱ ፈንታ ሰውን ተደብቆ የሚመለከት መሣሪያ ተተክቶበታል። ታሪኩም እንዲህ ነው። አንድ የፖሊስ ሰላይ የዕፅ ሱሰኛ መስሎ ከሱሰኞች ጋር ይኖራል። መልኩን የሚሰውር ልብስ ስለሚለብስ አለቆቹ እንኳ ማን እንደ ሆነ አያውቁም። ከዕለታት አንድ ቀን አለቆቹ ያን ሱሰኛ ሰልል ብለው ያዙታል፤ ሱሰኛውም እርሱ ራሱ ነው። እየወሰደ የሚያደርገው ዕፅ የአንጎሉን ግራና ቀኝ ስለ ለያየው፥ በመጨረሻ የሚሰልለው ሰው ራሱ መሆኑን መለየት አቃተው።

ይህ መጽሐፍ ያለ አምፌታሚን የጻፈው የመጀመሪያው ሙሉ ልብ ወለዱ መሆኑን ደራሲው ተናግሯል። ብዙ ሐያስያንም ከምርጥ ሥራዎቹ አንዱ ነው ይሉታል። በመጨረሻው ገጽ ላይ ደራሲው ከልብ ወለዱ ወጥቶ በራሱ ስም ያነጋግረናል። በዚያ በሳን ራፋኤል ቤትና በዚያን ዘመን የነበሩ ወዳጆቹን ዐሥራ አምስት ስሞች ይዘረዝራል፤ ከእያንዳንዱም ስም አጠገብ የደረሰበትን ይጽፋል። ሰባቱ ሞተዋል። ሌሎቹ አእምሯቸው ለሁልጊዜ ተናውጧል፥ አንጎላቸው ተጎድቷል፥ ወይም የደም ሥራቸው ተበላሽቷል። በዝርዝሩ ውስጥ የራሱም ስም አለ፤ አጠገቡም ቆሽቱ ለሁልጊዜ የተበላሸ መሆኑ ተጽፏል። በዚህ ስፍራ ወዳጆቹን አይሰድብም፤ ክፉዎች ነበሩም አይልም። ፍርዱ፥ ለመጫወት ፈልገው የነበሩ፥ ቅጣታቸው ግን ከጥፋታቸው እጅግ የበለጠባቸው ናቸው የሚል ነው። በስድብ የተጻፈ ተግሣጽ ብዙ አይተናል፤ እንዲህ በኀዘን የተጻፈው ግን ከሁሉ ይልቅ ልብ ይነካል።

በ1974 መጀመሪያ ላይ ሌላ ነገር ደረሰበት። የመንጋጋ ጥርሱን ካስነቀለ በኋላ፥ መድኀኒት ያመጣችለት ልጅ በአንገትዋ ያጠለቀችውን የዓሣ ምልክት ሲያይ ድንገት ብርሃንና ራእይ ታየው። ይህ ነገር ለሳምንታት ተመላለሰበት። አንዳንዱ ሰው ይህን ከእግዚአብሔር የመጣ ነው ይላል፤ አንዳንዱ ያለፈው ዘመን ኪኒን ትቶት የሄደው ቍስል ነው ይላል፤ አንዳንዱ ደግሞ በሌላ የአንጎል ሕመም ያመካኛል። እኛ ከእነዚህ አንዱን መርጠን አንፈርድም። እርሱም ራሱ ሳይፈርድ፥ ምን ነበረ እያለ እስከ ሞተበት ቀን ድረስ ስምንት ሺህ ገጽ ያህል ማስታወሻ ጻፈ። ይሁን እንጂ አንድ ነገር ግልጽ ነው። አእምሮውን ለሃያ ዓመታት በኪኒን ያናወጠ ሰው፥ አንድ ታላቅ ነገር ሲያጋጥመው እንኳ የራሱን ዐይን አምኖ ለመመስከር አይችልም። ይህም ከዕዳው አንዱ ክፍል ነው።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት ሁሉ ጨለማ ነበሩ ማለት አይደለም። አምስተኛዋ ሚስቱ በ1976 ስትለየው እንደ ገና ወደ ሞት አፋፍ ደርሶ ነበር፤ ነገር ግን ተረፈ። ከ1973 እስከ 1982 ባሉት ዘጠኝ ዓመታት የጻፋቸው ልብ ወለዶች አምስት ያህል ብቻ ናቸው፤ ድሮ በአንድ ዓመት ይጽፈው የነበረ ቍጥር ነው። ገቢው ግን ተሻሻለ፥ ስሙም በፈረንሳይና በሌሎች አገሮች ገነነ። በ1968 ያወጣው ስለ ሰው ሠራሽ ሰዎች የሚናገረው መጽሐፉ ብሌድ ራነር በሚል ስም ወደ ፊልም ተለወጠ። ፊልም ሠሪዎቹ መጽሐፉን በፊልሙ ልክ አሳጥሮ እንደ ገና እንዲጽፍላቸው ብዙ ገንዘብ አቀረቡለት። ለአንድ ሺህ ዶላር ሌሊቱን ይሸጥ የነበረው ሰው በዚህ ጊዜ አልሸጥም አለ። በዚያ ፈንታ በጥቂት ገንዘብ ሊጽፈው የሚወደውን ሌላ ልብ ወለድ በጥንቃቄ ጻፈ፤ የመጨረሻው መጽሐፉም ያ ነው።

በየካቲት ወር 1982 በሳንታ አና ከተማ በቤቱ ውስጥ ራሱን ስቶ ወድቆ ተገኘ። የአንጎሉ ደም ሥር ተጎድቶ ነበር። በሆስፒታል ሳለ ሕመሙ ተደገመበት፤ ከዚያም ልቡ ደከመና መጋቢት 2 ቀን 1982 ሞተ። ዕድሜው 53 ዓመት ብቻ ነበረ። በሕይወቱ ሳለ ጥቂት ክፍሉን አይቶ የተደሰተበት ፊልም ለሕዝብ የታየው እርሱ ከሞተ ከሦስት ወር በኋላ፥ በሰኔ ወር ነው። የሞቱን ምክንያት በሙሉ በኪኒኑ ላይ መጣል አንችልም፤ ሐኪሞች ግን አምፌታሚን ለብዙ ዓመታት ሲወሰድ ልብንና ደም ሥርን እንደሚጎዳ አረጋግጠዋል። ሽማግሌው አባቱ የልጃቸውን ቅሪት ይዘው ወደ ፎርት ሞርጋን ሄዱ። ከ53 ዓመት በፊት ባዶ የተተወው ስፍራ ላይ ቀኑ ተቀረጸ፤ ፊሊፕም ከመንታ እኅቱ ከጄን አጠገብ ዐረፈ።

ከሞተ በኋላ ዝናው እየጨመረ ሄደ። አርባ አራት ያህል ልብ ወለዶችና ከመቶ የሚበልጡ አጫጭር ታሪኮች ትቷል። ከእነዚህም አንዳንዶቹ ወደ ፊልም ተለውጠዋል። በ2007 የአሜሪካን ታላላቅ ደራሲያን ሥራዎች መርጦ በሚያሳትመው ተከታታይ ውስጥ ከሳይንሳዊ ልብ ወለድ ደራሲዎች የመጀመሪያው ሆኖ ገባ።

እንግዲህ አንድ ብልጥ ተማሪ ተነሥቶ፥ ያን ኪኒን ባይውጥ ኖሮ እነዚህ ሁሉ መጻሕፍት ከየት ይመጡ ነበር ብሎ ይጠይቀን ይሆናል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም፤ በቅንነት እንመልስ። ኪኒኑ ፍጥነት ሰጥቶታል፤ በፍጥነቱም የቤት ኪራይ ከፍሏል። ይህን አንክድም። ነገር ግን ያንኑ ኪኒን በዚያን ዘመን በሚሊዮን የሚቈጠሩ አሜሪካውያን ይወስዱት ነበር፤ ከእነርሱ ውስጥ ሁለተኛ ፊሊፕ ዲክ አልወጣም። አሳቡ፥ ኀዘኑና ጥያቄው የእርሱ ነበሩ። ከምርጦቹ አንዱ የሆነውን መጽሐፍ የጻፈውም ኪኒኑን ከጣለ በኋላ ነው። ከዚህም በላይ በጥድፊያ ከተጻፉት መጻሕፍቱ ብዙዎቹ ድንቅ አሳብ ይዘው አጻጻፋቸው ግን የተዝረከረከ መሆኑን ወዳጆቹ እንኳ ይመሰክራሉ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላልና ያገራችን ሰው። በኀምሳ ሦስት ዓመቱ ባይሞት ኖሮ ሊጽፋቸው ይችል የነበሩትንስ ማን ቈጥሯቸዋል?

ይህ ነገር የአሜሪካ ብቻ ነው ብሎ የሚያልፈው አንባቢ ቢኖር፥ አንድ ነገር እናስታውሰው። በ1975 የተባበሩት መንግሥታት ላቦራቶሪ በጫት ቅጠል ውስጥ ካቲኖን የተባለ ቅመም መኖሩን አረጋግጧል። ይህ ቅመም በአፈጣጠሩም በአሠራሩም የአምፌታሚን የቅርብ ዘመድ ነው። ኀይሉ ከኪኒኑ ያነሰ መሆኑ እርግጥ ነው፤ ቅጠል የሚቅም ሁሉ የፊሊፕ ዲክ ዕጣ ይደርስበታል ለማለትም አንደፍርም። ይሁን እንጂ የፈተና ሰሞን ሌሊቱን በምርቃና የሚያነጋ ተማሪ ከዚያው ጎተራ እየተበደረ መሆኑን ቢያውቅ አይጠላም። የተበደረውን እህል ደግሞ ከነወለዱ የሚመልሰው እርሱ ራሱ ነው።

ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል የሚለውን ተረት ሁላችንም በልጅነታችን ሰምተነዋል፤ ስለ ለመድነው ግን አንሰማውም። በየዕለቱ ሁለት ሰዓት ያነበበ ተማሪ በፈተናው ዋዜማ ሌሊት መግዛት አያስፈልገውም። ሥራውን ከሳምንት በፊት የጀመረ ወጣት ሹምም እንደዚሁ። ፊሊፕ ዲክ ሰነፍ አልነበረም፤ እንዲያውም ከሁላችንም የተጋ ነበረ። የጎደለው ነገር ትጋቱን በልክ የሚያሳድር ኑሮ ነው፤ ድኽነትና ርካሽ አሳታሚዎችም ያን ኑሮ ነሥተውታል። እኛ ይህን ልክ ለማግኘት ገና ጊዜ ያለን ነን። ስለዚህ ዛሬ ማታ ዐይናችን ሲከብድ መጽሐፉን እንክደን፥ መብራቱን እናጥፋ፥ እንተኛ፤ ነገ ጧት ሥራው እዚያው ይጠብቀናል።